የኮሌስትሮል ክትትል፦ በሐኪም ብቻ ወይስ በቡድን?

ከደባርቅ ወይም ከመተማ ጎንደር ድረስ ለሚመላለስ ታካሚ፣ ልዩነቱ የሚታየው መድኃኒቱ ከታዘዘ በኋላ ነው።

ሐኪሙ ብቻውን ሲከታተል ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ያዝዛል፣ ይቀጥራል፣ ቀጣዩን ታካሚ ይጠራል። ታካሚው ጡንቻውን ሲያመው ወይም «አሁንማ ደኅና ነኝ» ሲል ክኒኑን ይተዋል። በቀጠሮው ኤልዲኤል («መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል) አልወረደም፤ ስለ አወሳሰዱ የጠየቀ ከሌለ መጠኑ ወደ 80 ያድጋል። መጠንን እጥፍ ማድረግ ግን ኤልዲኤልን ተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ያልተዋጠ ክኒን ደግሞ ምንም!

በቡድን ሲሆን ነርሷ ምርመራው ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ መደገሙን ትከታተላለች፤ ከቀጠሮ ለቀረው ትደውላለች። ፋርማሲስቱ የተረፉትን ክኒኖች ይቆጥራል፣ እንደ ክላሪትሮማይሲን (አንቲባዮቲክ) ያለ አብሮ የማይስማማ መድኃኒት መኖሩን ይጠይቃል፤ የጡንቻ ሕመም ከጠቆረ ሽንት ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይልካል። አቶርቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት፣ ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ጿሚው ማታ መዋጥ እንደሚችል የሚነግረውም እሱ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ «ቅባት ቀንስ» ብላ አታልፍም፤ ጾም ቅቤን ቢያስቀርም ወጡ በሚረጋ የፓልም ዘይት ከተሠራ ጥቅሙ እንደሚሳሳ ታስረዳለች። (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።)

ቡድኑም እንከን አለው። ሁሉም የሚጽፉበት አንድ ካርድ ከሌለ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ምክር ይሰጣል፤ ያኔ አንድ ጠንቃቃ ሐኪም ይሻላል። ኤልዲኤሉ 190 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በዘር የመጣ ሊሆን ስለሚችል የወላጆች፣ የወንድምና እህት፣ የልጆችም ደም መታየት አለበት፤ ለዚህ ቤተሰቡን የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል።