ስምንት ወር ከፕሮ ማይክሮ ጋር፦ ለቅኝት የሠራሁት ሚዲ ኮንትሮለር

ይህን ሚዲ ኮንትሮለር (ራሱ ድምፅ የማያወጣ፣ የትኛው ኖታ እንደተነካ ለኮምፒውተር የሚናገር ሳጥን) የሠራሁት ቅኝት በጣቴ ሥር እንዲሆንልኝ ብዬ ነው። ኪቦርድ ላይ ትዝታ ስጫወት ከ12ቱ ድምፆች የምፈልገው 5ቱን ብቻ ነው። የቀሩት ጣት ያሳስታሉ። ስለዚህ አዳማ ቤቴ ቁጭ ብዬ 10 ቁልፍ፣ 4 ቮልዩም (በእጅ የሚዞር ማስተካከያ) እና አንድ የቅኝት መቀየሪያ ያለው ሳጥን ሠራሁ። ውስጡ ያለው ፕሮ ማይክሮ የሚባል፣ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ ነው። ስምንት ወር ሆነው፤ ሳልነካው የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ እጄ ላይ የነበረው አርዱይኖ ኡኖ የሚባል ሌላ ቦርድ ነበር። የኡኖ ዋና ቺፕ ከዩኤስቢ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም፤ መሃል ሌላ ቺፕ አለ። ላፕቶፑ እንደ ሚዲ መሣሪያ እንዲያየው ብዙ መዞር አለ። የፕሮ ማይክሮው ቺፕ ኤቲሜጋ32ዩ4 ግን ዩኤስቢውን ራሱ ላይ ይዟል። ሚዲዩኤስቢ የተባለውን ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ጨምሬ ኮዱን ጫንኩ፣ ላፕቶፑም ወዲያው አወቀው። ለዚህ ሥራ ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህን ብቻ ብሎ መግዛት ያዋጣል።

አራቱ ቅኝቶች ኮዱ ውስጥ አራት መስመር ቁጥር ናቸው። ትዝታ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ነው። አምባሰል ደግሞ 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68። ሁለተኛው ረድፍ ቁልፎች 12 ይደመርባቸዋል። እስከዚህ ቀላል ነበር። ያንገላታኝ የሚንጠለጠል ድምፅ ነው። ቁልፍ እንደያዝኩ ቅኝት ስቀይር አንዱ ድምፅ አልጠፋም ብሎ ይቀራል። ሦስት ምሽት ሽቦ ስፈትሽ ከረምኩ። ሽቦው ምንም አልሆነም! ቁልፉን ስለቀው ኮዱ "አጥፋ" የሚለው በአዲሱ ቅኝት ያለውን ኖታ ነው፤ የበራው ግን የድሮው ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቁልፍ ሲነካ የላከውን ኖታ ይይዛል፤ ሲለቀቅም ያንኑ ያጠፋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተንጠለጠለም።

ቮልዩሞቹ ሌላ ታሪክ ናቸው። ቦርዱ ከ0 እስከ 1023 ያነባል፤ ሚዲ የሚቀበለው ግን ከ0 እስከ 127 ነው። ለ8 ማካፈል ብቻ በቂ መስሎኝ ነበር። ሳልነካው 63፣ 64፣ 63 እያለ መልእክት ያዘንባል። የአዳማን ነፋስና አቧራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ሳጥኑ ውስጥ ሳይቀር ይገባል፣ ንባቡም ይብስበታል። ንባቡ ከመጨረሻው ከላከው ቢያንስ በ12 ካልራቀ አትላክ አልኩት፤ ዝም አለ። ቀዳዳዎቹንም በስፖንጅ ደፈንኩ።

ዋናው ድክመቱ የዩኤስቢ መሰኪያው ነው። የኔ ቦርድ አምራቹ ያልተጻፈበት ቅጂ ነው፤ በአምስተኛው ወር መሰኪያው ከነሥሩ ተነቀለ። ሁለተኛውን ስገዛ ገና ሳልሰካው መሰኪያውን ዙሪያውን በማጣበቂያ አጠናከርኩት፣ ገመዱንም ሳጥኑ ላይ አሰርኩት። እስካሁን ንቅንቅ አላለም። እባካችሁ እናንተም ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ አድርጉ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ስህተት ያለው ኮድ ጭኜ ቦርዱ ከላፕቶፑ ላይ ጭራሽ ጠፋ። ሞተ ብዬ ነበር። ሬሴት የሚለውን እግር (ሽቦ የሚገናኝበትን ነጥብ) ግራውንድ ከሚለው እግር ጋር በሽቦ ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ማገናኘት ነው መፍትሔው። ለ8 ሰከንድ ያህል አዲስ ኮድ ለመቀበል ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። በዚያች ጊዜ ውስጥ መጫን ነው።

ባለፈው ክራር የሚጫወት ጎረቤቴ መጥቶ ሞከረው። አንቺሆዬን አወጣበትና ፊቱ በራ። ትንሽ ቆይቶ ግን "ጠበቅ ባደርገውም ላላ ባደርገውም ድምፁ ያው ነው እኮ" አለኝ። ልክ ነው። ቁልፎቹ የሚያውቁት መነካትና መለቀቅ ብቻ ነው፤ ሁሉንም በ100 ጉልበት ነው የምልከው። ከቦርዱ 18 እግሮች ሦስቱ ባዶ ናቸው፣ ሦስቱም አናሎግ (መብራት መጥፋት ብቻ ሳይሆን መጠንንም) ያነባሉ። አንዱ ላይ ፒየዞ (የምቱን ጥንካሬ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ስስ ዲስክ) በይጄ ከቁልፎቹ ሥር ለጥፌዋለሁ። ኮዱን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።