የተሳቢዬን መብራት ከሥሩ ለጠገኑልኝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ምስጋናዬ

ለሦስት ወራት ያስጨነቀኝን የተሳቢ መብራት ብልሽት መንስኤውን ፈልገው ላገኙልኝና በአግባቡ ለጠገኑልኝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ፍሬን ስይዝ የተሳቢው የፍሬን መብራት ይደበዝዛል፤ በዚያ ላይ ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ የኋላ መብራቶቹ ሁሉ አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከኋላዬ የሚመጣ አሽከርካሪ መቆሜን ይሁን መታጠፌን መለየት ስለማይችል፣ ምሽት ላይ ስጓዝ ስጋቴ ከባድ ነበር። ቀደም ሲል ያየልኝ ሰው አምፖሎቹንና ፊውዙን ቢቀይርልኝም፣ ለጥቂት ቀናት ከተሻለው በኋላ ችግሩ ተመለሰ።

እኚህ ባለሙያ ግን አንድም ብሎን ሳይፈቱ በፊት መብራቶቹን መጀመሪያ አንድ በአንድ፣ ቀጥሎም ሁለት ሁለቱን እንዳበራላቸው ጠየቁኝ። ብቻውን ሲበራ የሚሠራ፣ ሲደራረብ ግን የሚደክም መብራት በቅድሚያ ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መስመር፣ እንደሚያስጠረጥር ነገሩኝ። መብራቶቹ ወደ ባትሪው ነጋቲቭ የሚመለሱት በአንድ የጋራ ሽቦ ስለሆነ፣ እሱ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ ባለ 21 እና ባለ 5 ዋት ሁለት ክር ባለው አምፖል ውስጥ አንዱ ክር ለሌላው መተላለፊያ ስለሚሆን፣ ያላበራነው መብራት ሳይቀር ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ይህን ሁሉ ያስረዱኝ ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ በሚገባኝ ቋንቋ ነው።

ከዚያም መብራቱ በርቶ ሳለ በቮልት መለኪያ የአምፖሉን ማሳ ከመኪናው ባትሪ ነጋቲቭ ጋር አገናኝተው ለኩ። ግማሽ ቮልት እንኳ ማለፍ በማይገባው ቦታ ላይ ከ4 ቮልት በላይ ታየ። መብራቱ ጠፍቶ ቢለካ ኖሮ ጉድለቱ ጨርሶ አይታይም ነበር፤ ቀደም ሲል ያልተገኘውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። የተሳቢውን ሽቦዎች ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ባለ 7 ፒን ሶኬት ሲከፈት በ3ኛው ፒን ላይ ያለው ነጭ የማሳ ሽቦ በውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ተገኘ፤ በተሳቢው ሻሲ ላይ የታሰረበት ብሎንም ቀለም ላይ ተጣብቆ ነበር። ባለሙያው ሽቦውን ንጹሕ መዳብ እስኪያገኙ ድረስ ቆርጠው በአዲስ ቀጠሉት፤ መገጣጠሚያውንም በፕላስተር ከመጠቅለል ይልቅ በየዱ፤ ውኃ እንዳይገባበትም በሙቀት በሚኮማተር ሽፋን አለበሱት። የሻሲውንም ቀለም ፍቀው ብሎኑን ብረት ለብረት ካጠበቁት በኋላ ግሪስ ቀቡት።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ሐቀኝነታቸው ነው፤ አምፖሎቹ ደህና ስለሆኑ መቀየር እንደማያስፈልጋቸው ነግረውኝ፣ ተቆርጦ የወጣውን ሽቦ በእጄ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ በከባድ ዝናብ ሳይቀር ተጉዤበታለሁ፤ መብራቶቹ አንድ ጊዜ እንኳ አላስቸገሩኝም።

ሥራቸው ጊዜ ይወስዳል፤ የእኔ ግማሽ ቀን ፈጅቷል። ስለዚህ ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሁሉ ሳትቸኩሉ፣ ተሳቢውን ብቻ ሳይሆን የሚጎትተውንም መኪና ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱ ተገናኝተው ካልተፈተሹ እንዲህ ያለው ብልሽት በቀላሉ አይገኝም። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ፈቃዳቸውን ስለሰጡኝ በደስታ አገናኛችኋለሁ።