አይኤልትስ በማዕከል ወይስ ቶፍል በቤት?

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሆኖ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር ለሚያመለክት ሰው የእንግሊዝኛ ፈተናውን ምርጫ ከሁሉ በፊት የሚወስኑት መብራትና ታክሲ ናቸው።

ቶፍልን በቤት መፈተን የመንገዱን ድካም ያስቀራል፤ ነገር ግን ካሜራ ያለው ኮምፒውተር፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና ማንም የማይገባበት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ መብራት በድንገት በሚጠፋበትና የጎረቤት ልጆች በር በሚያንኳኩበት ሕንፃ ውስጥ ከክፍያው ይልቅ የሚያሳስበው የፈተናው መቋረጥ ነው።

አይኤልትስ በማለዳ ተነሥቶ መሀል ከተማ መድረስን ይጠይቃል፤ የንግግሩ ክፍል ግን ከሰው ጋር ስለሚካሄድ፣ እንደ ቶፍል ለማይክሮፎን መናገር ለሚያስጨንቀን ሰዎች ይቀላል።

የሁለቱም ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው።

ጀነሬተር ባለው ቢሮ ውስጥ ጸጥ ያለ ክፍል የሚያገኝ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲው በቤት የተወሰደ ፈተና መቀበሉን አጣርቶ ቶፍልን ቢመርጥ፣ ከቤቱ በቀር ሌላ ቦታ የሌለው ደግሞ አይኤልትስን ቢወስድ ይሻላል።