ከወበቅ የተጠበቀ የመጥለቂያ ዕቃ ክፍል
የጅቡቲ ወበቅ ለጎማ አይራራም። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የምጠልቅበትን ዕቃ በየወሩ እየከፈልሁ የማስቀምጥበት የጠላቂዎች ማዕከል ግን አያያዝ ያውቅበታል። የመተንፈሻውን መሣሪያ ሲያጥቡ ክዳኑ በደንብ ሳይጠብቅ ውሃ አያስነኩትም። የመንሳፈፊያው ሰደርያ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ውስጡም በንጹህ ውሃ ተለቅልቆ ይደፋና፣ ግድግዳዎቹ እንዳይጣበቁ በጥቂቱ ተነፍቶ ይሰቀላል፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፣ ሻጋታ የሚጀምረውም ከዚያው ነው። እርጥበት መምጠጫው ሌሊትም አይጠፋም፤ መለኪያው ከ50 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ሲሊንደሮቹ ጥቂት አየር ተትቶላቸው ይቆማሉ።

ቅር የሚለኝ መነጽሮችን ከጥቁር ጎማ ጫማዎች ጋር በአንድ ሣጥን መደራረባቸው ነው፤ ጥቁሩ ጎማ የመነጽሩን ግልጽ ሲሊኮን ያበላሸዋል። የእኔን መነጽር ለብቻው በሣጥኑ ወደ ቤት እወስደዋለሁ። ለቀረው ግን ክፍያው ይገባቸዋል።