የአባቴ የሲሚንቶ ገንዳ፦ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ከጀመርኩ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ጉለሌ ነው የምንኖረው። ከኩሽናው ጀርባ አባቴ ያስቆፈረው የመሬት ውስጥ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። የቧንቧ ውሃ ሲመጣ ይሞሉታል፣ ሲጠፋ ከእሱ ይቀዳል። በኋላ ሮቶ ተገዛና ገንዳው ተረሳ። ክዳኑ ላይ የአበባ ማሰሮ ተደርድሮበት ከአስር ዓመት በላይ ደርቆ ቆየ። አምና ግንቦት ላይ አስከፈትኩትና ለጓሮ አትክልቴ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አደረግኩት። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ስላየሁበት አሁን በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ።

ስፋቱ 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱም 2 ሜትር ነው። አፉ ድረስ ቢሞላ 8,000 ሊትር ይሆናል። ትርፉን የሚያፈሰው ቱቦ ግን ከአፉ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ነው የተገጠመው። ከታች ያለው 20 ሳንቲሜትር ደግሞ ደለል ስለሚይዝ አልነካውም። ስለዚህ በትክክል የምጠቀመው 6,400 ሊትር ነው። ገንዳ ያላችሁ ሰዎች ይህን ሂሳብ ቀድማችሁ ሥሩ፣ እኔ 8,000 ሊትር አለኝ ብዬ ነበር አትክልት የተከልኩት።

ጥገናው ከጠበቅኩት በላይ አደከመኝ። ውስጡ የተገኘው ቅጠል፣ ጭቃና የተሰባበረ ጀሪካን በጆንያ ሲወጣ ሁለት ቀን ፈጀ። ጥግ ላይ የግራቪሊያ ሥር ግድግዳውን ሰንጥቆ ገብቶ ነበር። ግንበኛው ሥሩን ቆርጦ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈነና አለቀ አለኝ። ውሃ ሞልተን ደረጃውን በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ በማግስቱ አንድ ስንዝር ወርዶ አገኘሁት። እንደገና ባዶ ተደረገ። ሁለተኛው ግንበኛ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበትን ጥግ ዙሪያውን ጠርቦ፣ ውሃ መከላከያ ዱቄት በተቀላቀለበት ሲሚንቶ ክብ አድርጎ ለሰነው። አንድ ሳምንት ሙሉ እርጥብ ጆንያ እያለበስን አቆየነው፣ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃልና። ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም። ልስን ከተደረገ በኋላ የሚጠራቀመውን የመጀመሪያ ውሃ ግን ድፉት፣ የአዲስ ሲሚንቶ ውሃ ለተክል አይስማማም።

አንድ ነገር ስለ መግባት ልበል። ለዓመታት የተዘጋ ገንዳ ውስጥ የሚተነፈስ አየር ላይኖር ይችላል። ከፍታችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ይናፈስ፣ ማንም ብቻውን አይውረድ፣ ላይ የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ክዳኑም ጓጉንቸር ይኑረው። የወንድሜ ልጆች ግቢ ውስጥ ስለሚሯሯጡ እኔ በዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም።

አሁን ወደ አሸንዳው። ገንዘቤ ሁሉ ገንዳው ላይ ስላለቀ አሸንዳውን በርካሽ አሠራሁት። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ መሃሉ ጎብጦ ግማሹ ውሃ ደጅ ላይ ፈሰሰ፤ እኔ ጃንጥላ ይዤ ቆሜ አያለሁ። ማያያዣ ብረቶቹ ተራርቀው ነበር፣ ወደ ቱቦው የሚወስደው ዝቅታም አልነበረውም። ከተስተካከለ በኋላ ግን ሌላ ዓለም ሆነ። አሸንዳ የተገጠመለት የጣሪያችን ወገን 40 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ 250 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል፣ ይህ 10,000 ሊትር ማለት ነው። ሩብ ያህሉ ቢባክን እንኳ በአንድ ወር ብቻ ገንዳዬ ጢም ይላል። ሞላም፣ ሐምሌ 20 አካባቢ። ከዚያ በኋላ ነሐሴን ሙሉ የዘነበው ትርፍ ነበር። የትርፉ ቱቦ መጀመሪያ ወደ ኩሽናው ግድግዳ ዞሮ መሠረቱን ሲያርሰው እማዬ ናት ያየችው። አሁን ወደ ኮባውና ወደ ጌሾው ዞሯል፣ እነሱም ተደስተዋል።

ነሐሴ ላይ ውሃው መሽተት ጀመረ። ምክንያቱ አሸንዳው ላይ የበሰበሰ የግራቪሊያ ቅጠል ነበር። ቱቦው አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት አስገባሁ። ደግሞ ጣሪያ ላይ የከረመው አቧራና የወፍ ኩስ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ለዚህ ባለ 110 ሚሊሜትር ቱቦ፣ 2 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከታች ክዳን ያለው፣ ከአሸንዳው በሚወርደው ቱቦ ጎን ላይ አስቀጠልኩ። መጀመሪያ እሱ ይሞላል፣ ወደ 18 ሊትር ይይዛል፣ ከዚያ ነው ንጹሁ ወደ ገንዳው የሚያልፈው። ዝናቡ ሲያባራ ክዳኑን ፈትቼ ቆሻሻውን እደፋለሁ። ብትረሱት አይሠራም፣ እኔ ሁለት ጊዜ ረስቻለሁ። ይህን ሁሉ አድርጌም ውሃውን ለመጠጥ አላስበውም፣ ለአትክልትና ለግቢ ማጠቢያ ብቻ ነው።

የትርፉም ቱቦ አፍ ላይ ወንፊት ያስፈልጋል፣ ትንኝ እንዳይራባ። ጉለሌ ብርድ ስለሆነ ብዙም አልተቸገርንም። ድሬዳዋ ወይም አዳማ የምትኖሩ ግን አደራ፣ የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ቤትና ግቢ ውስጥ ውሃ በተጠራቀመበት ነው።

አትክልቱስ? ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል አለኝ፣ 30 ካሬ ሜትር በማትሞላ መሬት ላይ። አንድ ቀን እየዘለልኩ 5 ባልዲ፣ ማለትም 100 ሊትር አጠጣለሁ። ድሮ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውሃ በፈረቃ ሲሆን መጀመሪያ የሚጎዳው ጎመኑ ነበር፣ ምክንያቱም ሮቶው ለቤት ነው፣ ለጎመን ብሎ ማንም አይፈቅድልህም። ዘንድሮ ጎመን ገዝተን አናውቅም ብል ማጋነን አይደለም፣ እስከ ገና ድረስ። ለጎረቤትም ሰጥተናል። ታኅሣሥ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ 7 ባልዲ አደረግኩት፣ ገንዳውም ጥር አጋማሽ ላይ አለቀ። የካቲትን ሙሉ ሰላጣው ደርቆ ቃሪያውን ብቻ በእቃ ማለቅለቂያ ውሃ አቆየሁት። ይህን ገንዳ ይዞ በጋውን ሙሉ አለማለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ አያለማም፣ ገንዳው ትንሽ ነው። የአፈሩን ላይ በደረቅ ሣር መሸፈን የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፣ ከጥቅምት ጀምሬ ቢሆን ሁለት ሳምንት የሚያቆየኝ ይመስለኛል።

ፓምፕ ገዝቼ ነበር፣ ትንሿን። ጥሩ ነች፣ ግን መብራት የሚጠፋውም ማታ ማታ፣ እኔ የማጠጣውም ማታ ነው። ስለዚህ ገመድና ባልዲው አሁንም ክዳኑ አጠገብ ነው።

ወጪው ፓምፑን ጨምሮ 22,000 ብር ገደማ ደርሷል፣ ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ግንበኛና የመጀመሪያው አሸንዳ በከንቱ የሄዱ ናቸው። አዲስ ገንዳ አስቆፍሩ አልልም። ያለ፣ የተረሳ ገንዳ ካላችሁ ግን በደንብ አስለስኑት፣ ለአሸንዳው ገንዘብ አስቀምጡ።

ለዘንድሮ ክረምት ትርፉን የሚይዝ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለማስቀመጥ እያጠራቀምኩ ነው። መጋዘን ውስጥ አባቴ ውሃውን ይለካበት የነበረ በቢላ ምልክት የተደረገበት የቀርከሃ ዘንግ አግኝቻለሁ፣ በእሱ ነው የምለካው። ትናንት ማታ የበልጉ ዝናብ አንድ ሰዓት ያህል ወረደ። ጠዋት ዘንጉን ሳስገባ አራት ጣት ጨምሯል።