አዳማ ላይ ካንትሪ ጊታር መማር ለምትፈልጉ

ከፍራንኮ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ ጊታር የሚያስተምሩ ሰው አሉ። በሩ ላይ ታፔላ የለም፣ እኔንም ሰው ነው የጠቆመኝ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁለት ወር ተምሬአለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በወር 2,000 ብር።

የሄድኩት ለአንድ ነገር ነው። እናቴ የአሜሪካኖቹ ካንትሪ ዘፋኞች የኬኒ ሮጀርስና የዶን ዊልያምስ ካሴት አላት፣ እሱን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ግን እኔ በጊታር ስሞክረው፣ ኮርዱ (ባንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ልክ፣ ዜማው ልክ፣ ሁሉም ልክ ሆኖ ካንትሪ አልሆን ይለኛል። ዓመታት ፈጅቶብኛል። ዩቲዩብ ላይም ጣት ሲሮጥ ከማየት በቀር ጠብ ያለልኝ ነገር የለም።

መጀመሪያ ቀን ጋሼ ዘፈን አላስነኩኝም። «ጂ ኮርድ ያዝና ግራ እጅህን እርሳው» አሉኝ። ስድስተኛውን ክር በአውራ ጣት ብቻ፣ ከዚያ የታችኞቹን ሦስት ክሮች ባንዴ፣ ከዚያ አራተኛውን ክር በአውራ ጣት፣ ከዚያ መልሶ የታችኞቹን። ዱም ቻ፣ ዱም ቻ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይቺኑ። ለካ እኔ ስድስቱንም ክር ከላይ እስከ ታች እየጠረግኩ ነበር የምጫወተው! ካንትሪ ውስጥ ቤዙ፣ ማለት ወፍራሙ ድምፅ፣ ከኮርዱ መነሻ ድምፅ ወደ አምስተኛው ድምፅ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ልክ እንደሚራመድ ሰው። በመሀል ውጪ ጋሪ ሲያልፍ ጋሼ እጄን ያዝ አደረጉና «ስማ!» አሉ። የፈረሱ ኮቴ አስፋልቱ ላይ ዱም ቻ ነው የሚለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሪ ባየሁ ቁጥር አውራ ጣቴ ይንቀሳቀሳል።

ጋሼ ያደጉት ባቡር ጣቢያው አካባቢ ስለሆነ የከበሮውን ነገር ሲያስረዱ ፊታቸው ይበራል። የካንትሪ ከበሮ መቺዎች ስኔሩን (ቀጭን ድምፅ ያለውን ትንሹን ከበሮ) በብሩሽ ቸክ ቸክ የሚያደርጉበት ምት አለ፣ ስሙም የባቡር ምት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ብሪስቶል በምትባል የአሜሪካ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀዳው የጥንቱ የካንትሪ ዘፋኝ ጂሚ ሮጀርስ ራሱ የባቡር ፍሬን ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ይሄን የነገሩን ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ነው፣ ናዝሬት ጣቢያ የሚገባ ባቡር የሰማሁ ነው የመሰለኝ።

የጣቴ ቆዳ የተላጠው ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ካንትሪ ውስጥ የሚያለቅስ የሚመስለውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? ፔዳል ስቲል ይባላል። ከጭን በላይ ተጋድሞ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ጊታር ነው፣ በእግርና በጉልበት ሲጫኑት አንዱ ክር ወደ ላይ ይሳባል፣ ሌላው ክር ካለበት አይነቃነቅም። ምስጢሩ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ቢሳቡ ያ ድምፅ አይመጣም። ፔዳል ስቲል አዳማ ላይ ስለሌለ ጋሼ በተራ ጊታር ያሳያሉ፦ ሦስተኛውን ክር በቀለበት ጣት ወደ ላይ መግፋት፣ ሁለተኛውን በትንሿ ጣት ቀጥ አድርጎ መያዝ። ትንሿ ጣቴ እምቢ ብላ ሁለት ሳምንት አሰቃይታኛለች። የመጀመሪያዋን ትክክለኛ ድምፅ ሳወጣ ግን ሰውነቴን ወረረኝ፣ እውነቴን ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይናገሩ ትዝታ ጀመሩ፣ ሜጀሩን። ቀስ እያሉ አውራ ጣታቸውን ዱም ቻ አስገቡበት፣ ክሩን ሳብ አደረጉት፣ ትዝታው ካንትሪ ሆኖ ቁጭ! የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆችና ብዙ የካንትሪ ዜማ የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች አንድ ናቸው። የእናቴ ካሴት ለምን እንደዛ ሆዴን እንደሚያባባው ያኔ ገባኝ። የካንትሪ ፊድል (ቫዮሊን ማለት ነው) ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲንሸራተትም ማሲንቆ ነው የሚያስታውሰኝ።

ባርኔጣና ቦት ጫማ ነው ካንትሪ የሚያደርገው ለሚል ሰው ጋሼ አንድ ምሳሌ አላቸው። ዊትኒ ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1992 ዓለምን ያስለቀሰችበት «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የካንትሪ ዘፋኟ ዶሊ ፓርተን ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣችው ዘፈን ነው። ግጥሙም ዜማውም ያው። የዶሊን ስትሰሙት ግን አንድ ሰው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ታሪኩን እየነገራችሁ ነው የሚመስለው፣ ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ድምጿ ሰበር ይላል እንጂ አይጮህም። የዊትኒው ሌላ ዓለም ነው። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፣ ካንትሪው ግን የዶሊ ነው።

የማልወደውንም ልናገር። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአዳማ ሙቀት አያስቀምጥም፣ ማራገቢያ ደግሞ የለም። አራት ተማሪ ባንድ ላይ ስንሆን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጊዜ ያንሳል። ሁለቴ መብራት ጠፍቶ አምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ስላልሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር ሳንነካ ወጥተናል፣ ለዚያ ቀን ማካካሻ ትምህርት ይገባን ነበር፣ አልተሰጠንም። የሚያውሱት ጊታር ክሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ጣት ይከብዳል፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ጀማሪ ከሆናችሁና ቶሎ ዘፈን መጫወት ካማራችሁ ትሰላቻላችሁ። ሦስት ኮርድ እየቻላችሁ «ምን ጎደለኝ?» የምትሉ ከሆነ ግን አሁኑኑ ሂዱ። የአሥራ አንድ ሰዓቱን ክፍል ያዙ፣ ነፋስ አለው። ካፖም (የጊታሩ አንገት ላይ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ግዙ፣ እዛ ያለችው አንዲት ብቻ ናት፣ በወረፋ ነው።