«ወንድሜ፣ ዓሣው የትናንት ነው»

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ዓሣ ቤት አለ። ስሙን አልጽፍም። ባለቤቷ እትዬ «ወረፋው በዝቶብኛል፣ ደግሞ አንተ ጨምርበት» ብለው ስለከለከሉኝ ነው።

መጀመሪያ የገባሁት አንድ ዓርብ ቀን ነው። ለሥራ ከኮምቦልቻ ተነስቼ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ስደርስ ሰዓቱ 7 ሆኗል፣ ጉሙ የጦሳን ተራራ ውጦታል፣ እኔ ደግሞ የቆላ ጃኬት ነው የለበስኩት። ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ «ወንድሜ፣ የሐይቁ መኪና ዛሬ አልመጣም። ዓሣው የትናንት ነው፤ ሽሮ ይሻልሃል» አለችኝ። እትዬ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ሒሳብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰምተዋታል። ቀና እንኳን አላሉም።

ይህ ለምን እንደገረመኝ ልንገራችሁ። እኔ ራሴ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤት ሁለት ዓመት አስተናግጃለሁ። እዚያ ለደንበኛ እንዲህ ያለ ሰው በማግስቱ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። አለቃችን ጥቁር ደብተር ነበረው። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ይጻፋል። ደንበኛ ሳይከፍል ሾለከ፣ ይጻፋል። ወር ሲያልቅ ከደሞዛችን ይቆረጣል። አንድ ወር የኔ ከግማሽ በላይ ተቆርጧል። «ለበዓል እመልስላችኋለሁ» ይለናል፣ በዓሉ መጥቶ ይሄዳል፣ ደብተሩ አይከፈትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደሞዝ ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት እንደሚጠይቅ፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደሞዝ ሲሶ እንዳይበልጥ እንደሚያዝ ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። ብቻ እኛስ ምን አደረግን? መደበቅ ተማርን። የተሰበረውን ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልለን በቦርሳ እናወጣለን። ፍሪጁ ሌሊት ሌሊት መቀዝቀዝ ሲያቆም አምስታችንም እናውቅ ነበር፣ ለአለቃው የነገረው ግን የለም፤ የተናገረ ሰው «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ይባላላ! ሥጋው ሸተተ፣ ደንበኛ በላው።

ወደ ዓሣ ቤቱ ልመለስ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የሆነውን በዓይኔ አየሁ። አንድ ጎልማሳ ከጓደኞቹ ጋር ጥሩ አድርጎ በላና ስልኩን ለልጅቷ አሳይቶ «በባንክ ልኬያለሁ» ብሎ ወጣ። 1,840 ብር። ብሩ አልገባም፣ ስክሪንሾቱ የውሸት ነበር። የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። እኔም ቀጥሎ የሚመጣውን የማውቅ መስሎኝ ጉርሻዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እትዬ ግን ስልካቸውን ከመሳቢያ አወጡና «ብር መግባቱ የሚነገረው በኔ ስልክ፣ ስልኩ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ። አንቺ በምን ልታውቂ ኖሯል? ጥፋቱ የኔ ነው፣ አብሽሪ» አሏት። ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ። በሚቀጥለው ሳምንት ስልኩ ካሸሯ ፊት ተቀምጧል፣ ከጎኑ «መልእክቱ ሳይገባ ሒሳብ አልተከፈለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ገር ሴት ናቸው እንዳትሉ። ሲቆጡ ድምፃቸው ከወጥ ቤት እስከ መንገድ ይሰማል። አርፍዳ የመጣችን ልጅ ሲያጠምዷት አይቻለሁ። ግን 9 ሰዓት ላይ ምሳ ሲቀርብ ሳህን አጣቢዋም፣ ካሸሯም፣ እትዬም ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ከተማ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ አይደል? የደሴ ሰው ይህን ስም ሲጠራ ይኮራል፣ ከሠራተኛው ጋር ቁጭ ብሎ የሚበላ ባለ ሆቴል ግን እኔ ብዙ አላየሁም።

ምግቡስ? መኪናው በመጣ ቀን ጥብሱ ሸጋ ነው፣ ውጩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ አይደርቅም። ዳጣው ያስለቅሳል። ለብለቡን አልወደድኩትም፣ ዘይት በዝቶበታል፤ ለልጅቷ ስነግራት ደብቃ አላለፈችውም፣ ሄዳ ለወጥ ቤት ነገረች፣ ከሒሳቡም ቀነሱልኝ። አገልግሎቱ ቀርፋፋ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ 40 ደቂቃ ጠብቄያለሁ። የእጅ መታጠቢያው ብዙ ጊዜ ውኃ የለውም፣ በጆግ ነው የሚያስታጥቡት። መጸዳጃ ቤቱን ተዉት። መኪና ማቆሚያ የሚባል ነገር የለም፣ ባጃጅ ይሻላችኋል።

ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ግቡ፣ ከዚያ በኋላ ዓሣው ያልቃል። ከማዘዛችሁ በፊት «መኪናው መጥቷል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እውነቱን ይነግሯችኋል። ቡናውን ግን ሌላ ቦታ ጠጡ፤ ውኃ ውኃ ይላል፣ ይህንንም ለራሳቸው ለእትዬ ነግሬያቸው ስቀው «እኔም አልጠጣውም» ብለውኛል።